የዋግ ኽምራ ምድር ከሰማይ ሲነበብ

ስሙኝማ! የዋግን ነገር ላውጋችሁ።

1977 ዓ.ም. ነው። ሰቆጣን፣ ዝቋላን፣ አበርገሌን ዝናብ ከነሣቸው ሰንብቷል። ሰው ልጁን አዝሎ፣ አዛውንቱን ደግፎ ወደ ኮረም ጎረፈ። ጥቅምት 13 ቀን ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ታየ፤ ዓለም ደነገጠ፤ እህል መጣ። ያ ካሜራ እንደ እኔና እንደ እናንተ ዓይን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ነበር የሚያውቀው። የደረሰውን መከራ ለማሳየት ሦስቱ በቁ። የሚመጣውን ለማየት ግን አይበቁም።

እንዴት? በሉኛ!

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ኤሚት የተባለው የናሳ መሣሪያ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተላከ። ዋና ሥራው የደረቅ አገር አፈር ምን ማዕድን እንደያዘ ማንበብ ነው። ከምድር የሚመለሰውን ብርሃን በጠባብ ስንጥቅ ያስገባል፤ ዝናብ የማርያምን መቀነት እንደሚዘረጋው ይዘረጋውና 285 ቦታ ይከፋፍለዋል። ዓይናችን 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ሲያበቃ እሱ እስከ 2500 ይዘልቃል።

እዚያ ነው ምስጢር የሚወጣው። ጤነኛ ማሽላ ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከ700 አለፍ ሲል ግን ብርሃኑን በድንገት መልሶ ይረጫል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ በ970 እና በ1200 ናኖሜትር ብርሃን ይሰርቃል፤ ማሽላው ሲጠማ ስርቆቱ ይቀንሳል። ብረት ያቀላው አፈር በ900፣ ሸክላ በ2200 አካባቢ ራሱን ያጋልጣል።

ግን ዋግ ለዚህም ቢሆን በቀላሉ እጅ አትሰጥም። የኤሚት ምስል አንዷ ነጥብ 60 ሜትር በ60 ሜትር ናት። ማሳው፣ እርከኑ፣ ግራሩ፣ ድንጋዩ በአንዷ ነጥብ ተደባልቀው ይመጣሉ። ተንታኙ የየራሳቸውን ድርሻ በስሌት ይለያል። ስሌቱ እንዲታመን ደግሞ አንድ ሰው ማሳው ድረስ ወርዶ፣ ለማነጻጸሪያ ነጭ ሰሌዳ ከጎኑ አስቀምጦ፣ ግራሩን ለብቻ፣ አፈሩን ለብቻ መለካት አለበት። በዚያ ላይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ነገሩ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ፣ ደመና ይጋርዳል።

አሁን ዋናውን ስሙ። መጋቢት 1976 ዓ.ም.፣ ፊልሙ ከመታየቱ ሰባት ወር አስቀድሞ፣ በዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ረሃቡ እየመጣ መሆኑን ለለጋሾች ተናግሮ ነበር። የሚያይ አልጠፋም፤ ሰሚ ነበር የጠፋው። እንግዲህ ማሽላው መጠማቱን የሚያነብ ባለሙያ ስናሰለጥን፣ ወሬው ሲደርሰው የእህል መጋዘኑን የሚከፍተው ማን እንደሆነና በስንት ቀን እንደሚከፍት አብሮ ይጻፍ እላለሁ።