በረካ፦ የረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ሞግዚት ስም፣ የተዘነጋው ስማችን

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ውድ ወንድምና እህቶቻችን!

አሁን ያቀረብንላችሁ ሰላምታ መጨረሻው ላይ አንድ ስም ይዟል። «ወበረካቱህ» ማለት «በረከቶቹም» ማለት ነው፤ ነጠላው «በረካ» ይባላል። ቡና ሲፈላም አቦል፣ ቶና ብለን ሦስተኛውን ስኒ በረካ እንለዋለን። ገንዘብ እጃችን ላይ አልቆይ ሲል «በረካ የለውም» እንላለን። አፋችን ላይ እንዲህ የሞላ ቃል የሰው ስም ሆኖ ሲጠራ ግን እምብዛም አንሰማውም።

ልጅ የተወለደላቸው ወጣት ወላጆች ወደ መስጂድ ብቅ ሲሉ ብዙ ጊዜ ይህን ይጠይቁናል፦ «ሰው ያልያዘው፣ አጭር፣ ትርጉሙ ያማረ ስም ንገሩን።» ከስልክ ላይ የለቀሟቸውን ስሞች ይዘው የሚመጡም አሉ፤ የአንዳንዱ ትርጉም ኪታብ ተገልጦም አይገኝም። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ አንድ ብርቅ ስም ልንጽፍ የወደድነው። ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ባለቤቷን ግን የምናውቃት ጥቂቶች ነን።

ቃሉ ከየት መጣ?

በዐረብኛ ግመል ተንበርክኮ መሬት ላይ ሲረጋ «በረከ» ይባላል። ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ደግሞ «ቢርካ» ነው፤ በሶማሌ ክልል ያሉ ወገኖቻችን የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙበትን ጉድጓድ ዛሬም ብርካ ይሉታል። የቋንቋ ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው በረካን ሲተረጉሙ፣ መልካም ነገር አንድ ቦታ ረግቶ መቆየቱና እየበዛ መሄዱ ነው ይላሉ።

የእኛም ቋንቋ ከዚሁ ሥር ብዙ ወርሷል። «ተንበረከከ» እንላለን። በግእዝ «ብርክ» ጉልበት ነው፤ ጉልበቱ የተንቀጠቀጠ ሰው «ብርክ ያዘው» የሚባለውም ከዚያ ነው። «ባረከ»፣ «ቡሩክ»፣ «በረከት» ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ በረካ ለሐበሻ ጆሮ እንግዳ ስም አይደለም።

ስሙን የተሸከመችው ሴት

ኢብኑ ሺሃብ አዝ-ዙህሪ የተናገሩት፣ በሰሂህ ሙስሊም የሰፈረ ዘገባ ስለ አንዲት ሴት ይነግረናል። የረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) አባት የዐብዱላህ አገልጋይ ነበረች፤ አገሯም ሐበሻ ነው። የሲራ ጸሐፊዎች ስሟን በረካ ይሉታል። እኛ ግን በልጇ ስም ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ብለን ነው የምናውቃት።

በዚያ ዘመን ዐረቦች ለባሪያዎቻቸው ጥሩ ጥሩ ስም ማውጣት ልማዳቸው ነበር፦ ያሳር (ምቾት)፣ ረባህ (ትርፍ)፣ ናፊዕ (ጠቃሚ)፣ አፍለህ (የተሳካለት)። ለገዛ ልጆቻቸው ደግሞ ሐርብ (ጦርነት)፣ ሰኽር (ቋጥኝ)፣ ከልብ (ውሻ) ይሉ ነበር። የልጃቸው ስም ጠላትን እንዲያስፈራ፣ የባሪያው ስም ደግሞ ለራሳቸው ጆሮ እንዲጥም ነበር የሚፈልጉት። በረካም በዚህ ልማድ ባሪያዎች ይጠሩባቸው ከነበሩት ስሞች አንዱ ነው፤ ባሪያው በተጠራ ቁጥር ለጌታው ቤት መልካም ዕድል እንደመመኘት ማለት ነው።

ይህች ሴት ግን ስሙን በሥራዋ ሞላችው። ዐብዱላህ ልጁን ሳያይ ሞተ። ሕፃኑ ስድስት ዓመት ሲሆነው እናቱ አሚና ኋላ መዲና ወደተባለችው የስሪብ ይዛው ሄዳ ስትመለስ አብዋእ በተባለ ስፍራ አረፈች። አባቱንም እናቱንም ያጣውን ልጅ ይዛ መካ ያደረሰችው፣ ለአያቱ ለዐብዱልሙጠሊብ ያስረከበችው በረካ ናት። ከዚያም በኋላ ከጎኑ አልተለየችም። አድገው ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ነፃ አወጧት። ከእናታቸው ቀጥላ እናታቸው እንደሆነች ይናገሩ እንደነበርም በሲራ ኪታቦች ተዘግቧል።

እናትነቷ የአፍ ብቻ እንዳልነበር የሚያሳዩ ሁለት ሐዲሶች አሉ፤ ሁለቱንም የዘገበው አነስ (ረ.ዐ) ነው። አንድ ቀን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋት ቤቷ ሄዱ። የሚጠጣ አቀረበችላቸው፤ ፆመኛ ይሁኑ ወይም አላሰኛቸው እንደሆነ እንጃ፣ ሳይጠጡት ቀሩ። እሷም ድምጿን ከፍ አድርጋ ተቆጣቻቸው። የአላህ መልእክተኛ መሆናቸውን አጥታው አይደለም፤ እህል ውሃ አልቀምስ ያለ ልጅን የሚቆጣ የእናት አንጀት ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የአነስ ቤተሰቦች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰጥተዋቸው የነበሩትን የተምር ዛፎች መልሰው ጠየቁ። ነቢዩ ግን ለኡሙ አይመን ሰጥተዋት ነበር። እሷ አነስን ልብሱን አንገቱ ላይ ይዛ «ወላሂ አይሰጣችሁም!» አለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኃይል ሊያስለቅቋት አልሞከሩም። ይህን ያህል ልስጥሽ፣ ይህን ያህል ልጨምርልሽ እያሉ ተለማመኗት፤ ዐሥር እጥፍ ያህል እስኪሰጧት ድረስ። መዲናን የሚመሩ ሰው ያሳደገቻቸውን የቀድሞ ባሪያ የለመኑበትን ይህን ታሪክ፣ በዘርና በቀለም ሰውን ለሚንቅ ሁሉ ልናነብለት ይገባል።

ኢብኑ ሰዕድ በጠበቃቱ እንደዘገበው ምላሷ «ሰላሙን ዐለይኩም» ማለት ይከብደው ነበር። ቃሉ ሲሰበርባት ትርጉሙ ሌላ ይሆንባታል። ነቢዩም «ሰላም» ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። ዐረብኛ ሲናገር ምላሱ የሚሰበር የሐበሻ ልጅ ሁሉ ይህን ይስማ!

በኡሑድ ዘመቻ ውሃ አቀበለች፣ ቁስለኛ አከመች። በሂጅራ 8ኛው ዓመት ባሏ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ በሙእታ፣ የመጀመሪያ ልጇ አይመን በሑነይን ሸሂድ ሆኑ። በአንድ ዓመት ሁለት ሐዘን ማለት ነው። ከዘይድ የወለደችው ኡሳማ ደግሞ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ታላላቅ ሰሃቦች ያሉበትን ጦር መራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካረፉ በኋላ አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ሊዘይሯት ሄዱ፤ አለቀሰች። ያስለቀሳት የወሕይ ከሰማይ መቋረጥ መሆኑን ስትነግራቸው እነሱም አብረዋት አለቀሱ።

ስሙ የት የት ደረሰ?

ስሙ በሰሃቦች ዘመን ወደ አገራችንም መጥቷል። ኢብኑ ኢስሓቅ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሲዘረዝር፣ ከባሏ ከቀይስ ኢብኑ ዐብዱላህ ጋር የመጣች በረካ ቢንት ያሳር የምትባል ሴት ይጠቅሳል። እሷም የአቡ ሱፍያን ነፃ የወጣች አገልጋይ ነበረች።

በካይሮ ደግሞ የሱልጣን ሻዕባን እናት ኸዋንድ በረካ ትባል ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በስሟ የተሠራው መድረሳ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ወንዶችም ተጠርተውበታል፦ ከ1277 እስከ 1279 ግብፅን የገዛው የበይበርስ ልጅ አል-መሊክ አስ-ሰዒድ በረካ አንዱ ነው። በኬንያና በታንዛኒያ «ባራካ» እስከ ዛሬ የተለመደ የወንድ ስም ነው። 44ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከኬንያዊ አባታቸው የወረሱት «ባራክ» የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

እኛ ዘንድስ? በየመድረሳው «ኡሳማ!» ብላችሁ ብትጣሩ «አቤት» የሚል ልጅ አይጠፋም፤ አይመንም እንደዚያው። ሙባረክ ሞልቷል። በረከት የሚለውን ስም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይጋሩናል። የልጆቿ ስም ሲለመድ የእናትየው ስም ቀርቷል። አንዱ ምክንያት ኩንያዋ ነው፤ «ኡሙ አይመን» የሚለው መጠሪያ ስሟን ሸፍኖታል። ሌላው ምክንያት ግን ፊቅሃዊ ነው፤ እሱንም ሳንደብቅ እንናገራለን።

ማውጣት ይፈቀዳልን?

በሰሂህ ሙስሊም ጃቢር (ረ.ዐ) እንደዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደ በረካ፣ አፍለህ፣ ያሳርና ናፊዕ ባሉ ስሞች መጠራትን ሊከለክሉ አስበው ነበር፤ በኋላ ግን ዝም አሉ፣ ሳይከለክሉም አረፉ። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹን ለልጅ ማውጣትን የሚከለክል የሰሙራ (ረ.ዐ) ዘገባም አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ «በረካ አለች?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የለችም» ቢባል፣ ቃሉን በገድ ሊተረጉመው ይችላል። ቡና ላይ «በረካው የለም፣ አልቋል» ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ሰዎች መኖራቸውን እናውቃለን!

ኢማም ነወዊ ይህ ክልከላ የተንዚህ ነው ይላሉ፤ መተዉ የተሻለ ነው፣ ሐራም ግን አይደለም ማለት ነው። ረባህ የሚባል አገልጋይ በነቢዩ ደጅ ይቆም ነበር። የኢብኑ ዑመር ነፃ የወጣ አገልጋይ ናፊዕም ታላቅ የሐዲስ ዘጋቢ ሆኗል፤ ስሙን ለውጥ ያለው የለም። ነቢዩ «በርራ» የሚለውን ስም ግን ራስን ማወደስ አለበት ብለው ለውጠዋል።

ስለዚህ ለልጃችሁ በረካን ብትመርጡ አላጠፋችሁም፤ ለጥንቃቄ ብትተዉትም መልካም ነው። ኡስታዞቻችሁን አማክሩ። ስሙን የፈራ ሰው ሴት ልጁን «ኡሙ አይመን» ብሎ በፍቅር ቢጠራትም ታሪኩ ይቀጥላል። ያማረ ስም ለልጅ መምረጥ የወላጅ ሐቅ ነው፤ ስሙ የማን እንደነበር ለልጁ መንገርም ከዚያው ሐቅ ይቆጠራል። ባሪያ ሆና የተጠራችበት ስም ክብር ያገኘው ስታገለግል፣ ስታሳድግ፣ ስታዝንና ስትታገሥ በኖረችው ሕይወት ነው። የልጆቻችንም ስም እንዲሁ ነው፤ እኛ እናወጣዋለን፣ የሚሞሉት ግን እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ቀጣዩ ቡና ላይ ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ለልጆቻችሁ ስለ በረካ አውሯቸው። የነቢዩን የሕፃንነት እጅ ይዛ መካ የገባችው የሐበሻ ሴት መሆኗን ይወቁ።

አላህ ለልጆቻችን የስማቸውን መልካም ትርጉም ይወፍቃቸው፤ በኡሙ አይመንም ረዲየላሁ ዐንሃ ይሁን። አሚን። ወላሁ አዕለም።