ወንድ ወይስ ሴት? ምሥጢሩ የተፈታው በዱቄት ትል ነው

በሰፈራችን ሴት ብቻ የወለደች እናት ስትወቀስ፣ አንዳንዴም ባሏ ሌላ ላግባ ሲል እንሰማለን። ስለ ዘር ውርስ ስናስተምርም ተማሪዎች «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ይሉናል። መልሱ ረዥም ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለችው በብርኖ ከተማ ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ከ1856 እስከ 1863 አተር ሲያዳቅል ቆየ። ይህ ሰው እኮ በ1850 የመምህርነት ፈተና የወደቀ ነው! ለቁመትም ሆነ ለቀለም ልጅ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ድርሻ እንደሚወስድ አሳየ። ጽሑፉ በ1866 ታተመ፤ ዓለም ልብ ያለው ግን በ1900፣ እሱ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ነው።

የኛን ጥያቄ የፈታችው ኔቲ ስቲቨንስ ናት። አሜሪካዊት አስተማሪ ነበረች፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የገባችው በ35 ዓመቷ ነው። በ1905 የዱቄት ትልን በማይክሮስኮፕ መረመረች። ትሉ አድጎ ጢንዚዛ ይሆናል፤ የራሽን ዱቄታችን ሲቆይ ከሚያወጣው ነቀዝ ጋር ይዛመዳል። የሴቷ ሕዋስ 20 ትልልቅ ክሮሞዞም አለው። የወንዱ ግን 19 ትልልቅና አንድ ትንሽ። እንቁላሎቹ ሁሉ 10 ትልልቅ ይዘዋል። የወንዱ ዘር ግን ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ፦ ግማሹ 10 ትልልቅ፣ ግማሹ 9 ትልልቅና ያቺን ትንሿን። ትንሿ የደረሰችው እንቁላል ወንድ ይሆናል። ኤድመንድ ዊልሰንም በዚያው ዓመት በሌሎች ነፍሳት ተመሳሳይ ነገር አገኘ።

በሰውም እንዲሁ ነው። ከእናት ሁልጊዜ ኤክስ ይመጣል፤ ከአባት ኤክስ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ። እናቲቱን ለመውቀስ ምንም መነሻ የለም። አባትየውንም ቢሆን፣ መርጦ አይሰጥማ! ዕድሉ በየእርግዝናው እንደ ሳንቲም ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው፤ አራት ሴት የወለደች አምስተኛው ወንድ የመሆን ዕድሉ አይጨምርላትም። (በዶሮ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚወስነው የእናቲቱ እንቁላል ነው።)

መምህራን ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሰው ክሮሞዞም ቁጥር 46 መሆኑ የታወቀው በ1956 ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት 48 ይባል ነበር። ስለዚህ 48 የሚል አሮጌ መጽሐፍ እጃችሁ ከገባ፣ ለተማሪ ከመስጠታችሁ በፊት በእርሳስ አርሙት።