የአሮጌው ፓወርቡክ ምሥጢርና የሁለቱ ወገን ጸሐፍት ክርክር

አፕል ፓወርፒሲን ትቶ ወደ ኢንቴል እንደሚሻገር በስቲቭ ጆብስ አንደበት ካስታወቀ፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁን 6 ቀን 2005 ወዲህ፣ ሃያ ዓመት አልፏል። በ1991 የአፕል፣ የአይቢኤምና የሞቶሮላ ስምምነት የወለደው ፓወርፒሲ የተባለው ፕሮሰሰር የአይቡክ ጂ4 እና የፓወርቡክ ጂ4 ላፕቶፖች ልብ እንደ ነበረ፣ ባለቤቶቻቸውም ሊኑክስንና ኦፕንቢኤስዲን የመሳሰሉ ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓቶችን እየጫኑ ዕድሜያቸውን ለማራዘም እንደ ተጉ የታወቀ ነው፤ ክርክር ያስነሣው ግን የዋይፋዩ ነገር ነው።

ኤርፖርት ኤክስትሪም የሚሰኘው ካርድ የብሮድኮም ቺፕ የተሸከመ ሲሆን፣ ኩባንያው የአሠራሩን ሰነድ ለነፃ ሶፍትዌር ጸሐፍት ስላልገለጠ፣ ሊኑክስ የጫነ ሰው ማያውና ዲስኩ እየታዘዙለት ያለ ገመድ ግን ኢንተርኔት አያገኝም ነበር። ስለዚህ የሊኑክስ ጸሐፍት ሥራውን በሁለት ቡድን ተከፋፈሉ፤ አንደኛው የኩባንያውን ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያዝዘውን ፕሮግራም፣ ፈታትቶ እየመረመረ ቺፑ ምን ሲታዘዝ ምን እንደሚያደርግ በተራ ቃል ይጽፋል፤ ሁለተኛው ያን ድራይቨር ከቶ ሳያይ ከጽሑፉ ብቻ አዲስ ኮድ ይደርሳል። ይህ ንጹሕ ሥራ በ2006 ከሊኑክስ 2.6.17 ጋር ወጣ።

በኤፕሪል 2007 ከሊኑክሱ ድራይቨር ደራስያን አንዱ ሚኻኤል ቢዩሽ፣ በኦፕንቢኤስዲ ማከማቻ ውስጥ ባለ ድራይቨር የእነርሱ ኮድ መገልበጡን አይቶ በብዙዎች ፊት በደብዳቤ አስታወቀ። የሊኑክሱ ኮድ በጂፒኤል ፈቃድ የታሰረ ነበርና፣ ከእርሱ የተወለደ ሥራ ሲሰራጭ በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ ግድ ይላል። በ1994 ከኔትቢኤስዲ ተለይቶ በማግሥቱ ዓመት ኦፕንቢኤስዲን የመሠረተው፣ በአቋሙ ጽናትና በአንደበቱ ብርታት የታወቀው ቴዎ ደ ራት፣ ሥራው ገና ያላለቀ መሆኑን፣ ድራይቨሩን የጻፈው ባልደረባውም አስቀድሞ ለብቻው ሳይነገረው በአደባባይ መዋረዱን እየጠቀሰ በብርቱ ተቈጣ፤ ድራይቨሩም ከማከማቻው ወጣ። በደልን አስቀድሞ ለብቻ መንገር የወንጌልም ሥርዓት ስለ ሆነ ቅሬታው ክብደት አለው፤ ይሁን እንጂ ኮዱ ማንም በሚያየው ስፍራ የተቀመጠ፣ ደብዳቤውም ተነጋግረን በፍትሕ እንጨርስ የሚል ጥሪ የያዘ ስለ ነበረ፣ የድካሙን መብት የጠበቀ ሰው ጨካኝ ሊባል አይገባውም።

ከዚህ በኋላ ድራጎንፍላይ ቢኤስዲ በሚባለው ሥርዓት የተጻፈ ሌላ ድራይቨር ወደ ኦፕንቢኤስዲ ገባ፤ እርሱም የቆመው በዚያው በመርማሪዎቹ ጽሑፍ ላይ ነበር። ኮዱ ያጣላቸውን ሰነዱ ሁለቱንም አገለገለ።

ዛሬም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ ብዙ ደኅና ኮምፒውተር በዚያው በአምራቹ የመተው ዕጣ ላይ ወድቋል። አምራቹ የተወውን መሣሪያ ሌላው እንዲረከበው የሚያስችለው በግልጽ የተጻፈ የአሠራር ሰነድ ነውና፣ ገዢም ሆነ መንግሥት ይህን ሰነድ ከአምራቾች ሊጠይቅ ይገባዋል።