ከሐኪም ቤት እስከ ደጃፍ

አራስ እንዴት እንደምትያዝ የማያውቅ የጎጃም ወጣት የለም። ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ከወለደችም በኋላ፥ ወንድ እንደ ሆነ አርባ፥ ሴት እንደ ሆነች ሰማንያ ቀን፥ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከሥራ ተለይታ ገንፎ በቅቤ እየበላች ትታረሳለች። አባቶቻችን ይህን ወግ የሠሩት፥ ከአልጋ በተነሡበት ቀን እንስራ መሸከም እንደማይገባ ዐውቀው ነው።

ነገር ግን ምጥ የበረታባትና ልጇ የሞተባት ሴት ይህ ወግ ሳይደርሳት ይቀር ነበር። ምጥ ብዙ ቀን ሲቈይ የሕፃኑ ራስ ፊኛዋን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ይቀደዳል፤ ሽንትም ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ይህ በሽታ ፊስቱላ ይባላል። ሽታውን የጠሉ ጎረቤቶች ይርቋታል፤ ባሏም የሚተዋት ጊዜ ብዙ ነው። እርሷም በኀፍረት ከጥግ ተኰራምታ ስትተኛ እግሯ ይኰማተራል።

በ1959 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከአውስትራሊያ ተነሥተው፥ አዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሊሠሩ መጡ። በ1974 ዓ.ም. ለዚህ በሽታ ብቻ የተለየ ሆስፒታል ከፈቱ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ሌላ ተከፍቶ ለጎጃም ሴቶች መንገዱ አጠረላቸው።

የሐኪሞቹ ማስተዋል ግን በቀዶ ጥገና ብቻ አልነበረም። ቍስል መስፋት የሰዓታት ሥራ ነው፤ ሰውን ወደ ቤቱ ማድረስ ግን የሳምንታት ሥራ ነው። የደከመችው ሴት አስቀድማ በመብል ትጠነክራለች። ከተሰፋችም በኋላ ሥጋዋ እስኪገጥም ሁለት ሳምንት ያህል ሽንቷ በቀጭን ቱቦ ይወርዳል። የተኰማተረ እግሯን በየቀኑ እያንቀሳቀሱ ያፍታቱላታል፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፥ ምርኵዝ ይዛ መራመድ ትጀምራለች። ስትሰናበትም አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጧታል፤ ዳግመኛ ስታረግዝ ሐኪም ቤት እንድትወልድም ይመክሯታል። ፈጽሞ መዳን ላልሆነላቸው ደግሞ፥ ሙያ ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደስታ መንደር ተሠራላቸው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታመው የመጡ ነበሩ፤ አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፥ የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፥ ቀዶ ሐኪም እስከ መሆን ደረሱ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የታከመች እኅት በቅኔ ቤቷ በታወቀችው በደብረ ኤልያስ ከመኪና ስትወርድ ሕክምናዋ አልተፈጸመም። የቀረው ሥራ የሐኪም ሳይሆን የአንተና የአንቺ ነው። እንስራውን ተቀበሏት፤ እንጨቱን ልቀሙላት፤ ቡና ሲፈላ ከመካከላችሁ አስቀምጧት። ሐኪም በብዙ ድካም የሰፋውን የጎረቤት ምላስ አይቅደደው። ለአራስ የምናደርገውን ለእርሷ ብንነፍጋት፥ መዳኗ ከደጃፍ ላይ ይቀራል።