ዜና ይድነቃቸው ተሰማ

በ1914 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ መስከረም 1 ቀን እሑድ፣ በርእሰ ዐውደ ዓመት፣ ይድነቃቸው ተሰማ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። እኒህ ባለ ቅኔ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ናቸው። አባት ለጆሮ፣ ልጅ ለዓይን ተፈጠሩ እላለሁ።

በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በሰሜን ከጣሊያን ጋር ጦርነቱ በተፋፋመበት በታኅሣሥ ወር፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በአራዳ የኳስ ቡድን አቆሙ፤ በደብሩም ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ይድነቃቸው የ14 ዓመት ብላቴና ሳሉ ገቡበት። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

ጣሊያንም ሰውን በመልኩ ለየ። መንገዱን ለየ፣ ሠፈሩን ለየ፣ የኳሱንም ሜዳ ለየ። ነጩ ከነጭ ጋር ብቻ ይጫወት፣ ያገሬው ሰው ለብቻው ይጋጠም ተባለ። ይድነቃቸውም ያን አምስት ዓመት እንዲህ ታጥረው ተጫወቱ። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነገር ልብ በል፤ የኋላው ሥራቸው ሁሉ ከዚህ የበቀለ ይመስለኛልና።

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ዝናቸው ገነነ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተሰለፉ፤ 365 ጊዜ ተጫውተው 318 ግብ አገቡ። ለኢትዮጵያም 15 ጊዜ ተሰለፉ። የአገሪቱን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ካቋቋሙት አንዱ እሳቸው ናቸው።

በሰኔ 1948 ዓ.ም. ሊዝበን ላይ በፊፋ ጉባኤ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር ሊያቆሙ መከሩ።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ይድነቃቸውና የእነዚህ ሦስት አገሮች ሰዎች በካርቱም ተሰብስበው ማኅበሩን ካፍ ብለው መሠረቱ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ እንልካለን እንጂ ሁለቱን አንቀላቅልም አሉ። እንግዲያውስ አትጫወቱም ተባሉ። ስለዚህም ባላጋራቸው የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ የካቲት 9 ቀንም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በሜዳ መሸነፍ ያሳፍራል፤ በዚያ ጉባኤ ግን ኢትዮጵያ አላፈረችም።

አምስት ዓመት ቆይቶ በ1954 ዓመተ ምሕረት፣ ዳግመኛ በዘመነ ማርቆስ፣ ዳግመኛ በእሑድ ቀን፣ ጥር 13፣ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር በተመለሱ ሰሞን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠዋል። አሠልጣኙ ይድነቃቸው፣ ባላጋራው ያው ግብፅ ነው። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። በ74ኛው ተክሌ ኪዳኔ መለሰ፤ ሕዝቡ ጮኾ ሳይጨርስ ባዳዊ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ወንድሙ ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ሉቺያኖና ኢታሎ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራ እናት አሥመራ የተወለዱ ናቸው። በመልክ ታጥሮ ያደገ አሠልጣኝ ያሰለፈው ቡድን አምበል እንዲህ ያለ ሰው ነበረ፤ ዋንጫውንም ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ።

በ1964 ዓ.ም. ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም 15 ዓመት መሩት። አስቀድሞም ፊፋ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ነፍጎ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጠሙ ባለ ጊዜ፣ አፍሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1966ቱ የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ እንድትቀር ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ቆመው ነበር፤ በዚያው አቆጣጠር በ1970ው ዓለም ዋንጫ ቦታው ተሰጠ። ሲጋራና መጠጥ የአፍሪካን ዋንጫ ስም እንዳይገዙት ከለከሉ። ገንዘብ ለሚያሻው ማኅበር ይህ ቀላል አልነበረም። የደቡብ አፍሪካን ነገር ግን ከቶ አልተዉም። በየጉባኤው አነሡት፤ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ፊፋ የደቡብ አፍሪካን ማኅበር አባረረ።

በ1979 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ነሐሴ 13 ቀን ረቡዕ፣ ይድነቃቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። 66 ዓመት ሊሞላቸው አንድ ወር አልቀረም ነበር።

በ1988 ዓመተ ምሕረት ጥር 25 ቀን፣ ዘር መለየቱ ቀርቶ ወደ ውድድር የተመለሰችው ደቡብ አፍሪካ በገዛ አገሯ ቱኒዝያን 2 ለ 0 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ፕሬዚዳንቷ ማንዴላ የቡድኑን መለያ ለብሰው ነበር። አምበሉ ኒል ቶቪ ነጭ ነው፤ ዋንጫውን ከፍ ሲያደርግ ዙሪያውን የከበቡት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ።