የእግር መንገድ አገልግሎትና ዋጋ አለካክ

ሕዝብ በጋራ የሚጠቀምባቸው የእግርና የብስክሌት መንገዶች ምን ያህል ተጓዥ እንደሚያስተናግዱና ለአገር ምን ጥቅም እንደሚያስገኙ የሚመረምር የምጣኔ ሀብት ጥናት ዘርፍ ነው።

ስልቱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው መንገደኛውን በሰው ዓይን ወይም በመሣሪያ መቍጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው አሜሪካዊው ሊቅ ሃሮልድ ሆቴሊንግ በ1947 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ ተጓዡ ወደ ስፍራው ለመድረስ ያወጣውን ገንዘብና ያጠፋውን ጊዜ አስልቶ፣ ገበያ ያልተመነለትን ጥቅም መገመት ነው።

ለምሳሌ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ከሳንቃ በር በግጭ በኩል ወደ ጨነቅ የሚጓዘው ጎብኚ አስቀድሞ ደባርቅ ላይ መግቢያ ከፍሎ ስለሚመዘገብ፣ ቈጠራው ቀላል ነው፤ ከመግቢያው ክፍያ በተጨማሪም ለአስጎብኚው፣ ለጠባቂው፣ ለወጥ ቤቱና ለበቅሎ ጫኙ የሚከፈለው ገንዘብ በሒሳቡ ይገባል።

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕት ዓመት ከጎንደር በላይ ባለው ኮረብታ ወዳሠራችው የደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው ዳገት ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ምንም እንኳ ጎብኚው በቲኬት ቢታወቅ፣ ኅዳር 6 ቀን ለበዓሉ ነጠላውን አጣፍቶ የሚወጣው ምእመንም ሆነ ዘወትር ኪዳን ለማድረስ የሚገሠግሠው ካህን ቲኬት አይቈርጥም፤ የአካሉ ጤናም ሆነ የመንፈሱ ዕረፍት በገቢ መዝገብ አይሰፍርም። ስለዚህ በመግቢያ ገቢ ብቻ የተወሰነ ልኬት የእንዲህ ያለውን መንገድ ዋጋ አሳንሶ ያሳያል።