በቂሣርያ ባሕር ሥር ያለው ወደብ

ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደ ቂሣርያ ብትወርዱ ከባሕሩ ዳር የፈረሰ ግንብ ታያላችሁ። ትልቁ ሥራ ግን ያለው ከውኃው በታች ነው።

ንጉሥ ሄሮድስ ከዛሬ 2,000 ዓመት በፊት በዚህ ቦታ ታላቅ ወደብ አሠራ። ሠራተኞቹ ከኢጣልያ የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራና ከድንጋይ ጋር ደባልቀው፣ ባሕር ውስጥ በተተከለ የእንጨት ሣጥን ሞሉት። ይህ ድብልቅ ውኃ ውስጥ እያለ ይጠነክራል። ይሁን እንጂ መሠረቱ አሸዋ ነበረና ወደቡ ውሎ አድሮ ሰመጠ። ፍርስራሹም እንደ ዓለት ሆኖ የዓሣ መጠለያ ሆነ። ከ2006 ጀምሮ ጠላቂ ዋናተኞች የአየር ጠርሙስ በጀርባቸው አዝለው ይጎበኙታል።

በ2015 ክረምት ጥቂት ጠላቂዎች እዚያው አካባቢ ቢጫ ሳንቲሞች አዩ። መጀመሪያ የልጆች መጫወቻ መሰሏቸው። ወርቅ መሆኑን ሲረዱ ግን አልደበቁም፤ አስታወቁ። የጥንታዊ ቅርሶች ባለሥልጣን ሰዎችም አብረዋቸው ጠልቀው ወደ 2,000 የሚጠጉ ሳንቲሞች አወጡ። ሳንቲሞቹ ከ1,000 ዓመት በፊት ግብፅን ይገዙ የነበሩት የፋጢማውያን ነገሥታት ገንዘብ ናቸው።

ይህን ለምን እንነግራችኋለን? በ1978 በወጣው የአገሪቱ ሕግ መሠረት፣ ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ዕቃውም የመንግሥት ነው። ልጆቻችሁ በባሕር ዳር አሮጌ ሳንቲም ወይም የተቀረጸ ድንጋይ ቢያገኙ ቦታውን ልብ ብለው ይያዙ፤ እናንተም ለባለሥልጣኑ ንገሩ። ዕቃው የት እንደ ተገኘ ካልታወቀ ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል።